ከቆራሌው በፊት ባትሪውን እናውጣ

ባለፈው ቅዳሜ በአንድ የሰፈር ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ብዙም ሳልነካካ ጽፌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁስ? ይሰማል? እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ መምህራን፣ እናንተም ልጆች፤ ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለዚህ ጉዳይ ስለሰጣችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ዕድር አለ። እዚህ ፊት የተቀመጡት አባባ ደግሞ ከዘራቸውን ይዘው ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው ነው የመጡት። አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ታያላችሁ? ዴል ላቲቲዩድ ናት። ዲ630 ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ላይ የወጣች ናት። አንዲት እህቴ የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በእሷ ነው። አሁን ማዘርቦርዷ፣ ሁሉም ነገር የሚገናኝባት ዋናዋ ሰሌዳ ማለት ነው፣ ሞቷል። ሁለት ቀን ታግያታለሁ፤ አትነሳም። ስለዚህ ዛሬ እዚሁ ፊታችሁ እፈታታለሁ።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው ባትሪው። ሁለተኛው ውስጧ የቀረው መረጃችን። ሦስተኛው የተረፈው ዕቃ ወዴት ይሂድ የሚለው። ባትሪው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ለምን እንደሆነ ትረዱኛላችሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ። ቤታችሁ የማይሠራ ላፕቶፕ ወይም ሞባይል ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።

ዙሪያችሁን እዩ። አዳራሹ በሙሉ ማለት ይቻላል!

የት ነው ያስቀመጣችሁት? ቁም ሳጥን ላይ። አልጋ ሥር። የተሰበረ ቻርጀርና የድሮ ሪሞት ያለበት መሳቢያ ውስጥ። «አንድ ቀን አሠራዋለሁ» እያልን ዓመት አለፈ፤ ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ በዓል ይደርሳል። ቤት ይጸዳል። ልክ በዚያ ሰዓት ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እንጠራዋለን፣ እንከራከራለን፣ ይስማማል፣ ይወስዳል። ተገላገልን እንላለን።

ግን ማን ነው የተገላገለው?

እንዳትሳሳቱብኝ። ቆራሌዎችን ልወቅስ አልመጣሁም። በአገራችን ስለ ሪሳይክል ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ሥራውን በጀርባቸው ተሸክመው የኖሩት እነሱ ናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱና እዩ። አሮጌ በርሜል ገብቶ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የተጣለ ብረት መዶሻ ተመትቶበት መሮ ይሆናል። አንድ ብሎን እንኳ በከንቱ አይቀርም። እኔ ራሴ ብዙ መለዋወጫ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ላፕቶፕ ግን በርሜል አይደለም። በርሜል ውስጡ ባዶ ነው። ላፕቶፕ ውስጡ እሳት አለ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፣ በድሮዎቹ ደግሞ ሜርኩሪ አለ። ይህ የኛ ሰፈር ጭንቀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በሥርዓት ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3 በመቶ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ አልሞላም። የቀረው እንደኛው አልጋ ሥር ነው፣ ወይ ገደል ነው፣ ወይ የሆነ ልጅ እጅ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ልግባ። ባትሪ።

ይኸው፣ ይቺን ማንሸራተቻ ሳንቀሳቅሳት ወጣ። ልጆች፣ ስትፈቱ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቻርጀሩ ይነቀላል። ባትሪው ይወጣል። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፤ ውስጥ የቀረች ኃይል ካለች ትውጣ። ከዚህ በፊት ካቻቢቴ አይነሳም። ከዚህ በፊት ካቻቢቴ አይነሳም!

ሁለት ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው።

የዛሬ 17 ዓመት ነው። የጥገና ሥራ ገና እየተለማመድኩ ነበር። አለቃዬ ምሳ ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ያበጠ ባትሪ አለ። ውስጡን ማየት ፈለግሁ። ካቻቢቴዬን በጎኑ ስንጥቅ አስገብቼ ጠመዘዝኩት። በመጀመሪያ «ፍስስ» አለ። ቀጥሎ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ መጣ። ከዚያ ነጭ ጭስ። ከዚያ እሳት። ይህ ሁሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ እስክትቆጥሩ ነው። ጎረቤት ሱቅ ያለው ሰውዬ ደጅ ለግንባታ ከተቆለለው አሸዋ በአካፋ ዝቆ ባይደርስልን ኖሮ ሱቁ አይተርፍም ነበር። ይቺ ግራ መዳፌ ላይ የምታዩዋት ጠባሳ የዚያን ቀን ናት።

ለምን ነደደ? ባትሪው ውስጥ ሁለት ስስ ንጣፎች እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። የሚለያቸው ከፀጉር የቀጠነ ላስቲክ ነው። ያ ላስቲክ ሲቀደድ ይነካካሉ። ሲነካካ ይግላል። አንዱ ሲግል ጎረቤቱን ያግላል፤ እየተቀባበለ ይሄዳል። ይቺ ባትሪ ውስጥ ስድስት ሲሊንደሮች አሉ። 18650 ይባላሉ። ስሙ ልኬቱ ነው፤ ወርዱ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 65። ከስድስቱ አንዱ ሲደክም ሙሉው ባትሪ «ሞተ» ይባላል። ግን አምስቱ ኃይል ይዘው ሊሆን ይችላል። ሞተ ያላችሁት ባትሪ አልሞተም ማለት ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይከብደኛል። ግን ልንገራችሁ።

በኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የማይጠገን ዕቃ እየተከመረ አስቸገረኝ። አንድ ቀን ቆራሌ ጠርቼ ሁሉንም በኪሎ ሸጥኩለት። ሽፋኑንም፣ ሽቦውንም፣ ባትሪውንም። የተጣሉ ባትሪዎች ላይ በቀይ ማርከር «ሞቷል» ብዬ የመጻፍ ልማድ ነበረኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሌላ ሰፈር ሳልፍ የቆርቆሮ አጥር ሥር አንድ ልጅ ተቀምጧል። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባትሪ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ በሌላ ድንጋይ ይመታል።

«ማሙሽ፣ ተው! ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«መዳቡን ላወጣ ነው ጋሼ» አለኝ። ቀና እንኳ አላለም።

ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩት። አገላበጥኩት። በቀይ ማርከር «ሞቷል» ይላል። የእጅ ጽሑፌ ነው።

ያን ልጅ ድንጋይ ያስያዘው ማን ነው? እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ወስጄ በካቻቢቴ ያልለየሁትን እሱ በድንጋይ ሊለየው ተቀምጧል። የእኔ መዳፍ ላይ ጠባሳ እያለ! የሚያደርገውን እያወቅሁ!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እኛ ቤታችን ያልለየነውን አንድ ሰው ደጅ ላይ ይለየዋል። በድንጋይ ይለየዋል፣ በጥርሱ ይለየዋል፣ በእሳት ይለየዋል። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይቺን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ከቆራሌው በፊት ባትሪውን እናውጣ። ሽፋኑን ይውሰድ፣ ብረቱን ይውሰድ፣ ይጠቀምበት። ባትሪው ግን እኛ ጋ ይቅር።

ከወጣ በኋላስ? ወርቃማ ነጥብ ነጥብ ያለበትን መሰኪያውን እዩት። እዚያ ላይ ናስትሮ ለጥፉበት። ከቁልፍ፣ ከሳንቲም፣ ከሚስማር ጋር አታስቀምጡት። ደረቅ አሸዋ ያለበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርጉት፤ ከጋዝና ከምድጃ ራቅ ይበል። ያበጠ ከሆነ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ቻርጅ አታድርጉት። «ትንሽ ነው ያበጠው» አይባልም። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ይሆናል። አዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው ውስጥ ገብቶ በሙጫ የተጣበቀ ነው። ካበጠና ከተጣበቀ አትታገሉት፤ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ማጨስ ከጀመረ ደግሞ ዕቃ ላድን አትበሉ። ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

አንድ ባትሪ ይቀራል። ሰው ይረሳዋል። ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የመሰለች፣ 3 ቮልት ብቻ ያላት ናት። ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሕፃን ያላችሁ አድምጡኝ። ይህችን ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ከዋጠ «ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት! ስትፈቱ መጀመሪያ እሷን ለዩና እዚያው ናስትሮ ጠቅልሉባት።

ባትሪውን ለምን እንዲህ እንደምንከባከበው ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። ውስጡ ኮባልት የሚባል ማዕድን አለ። የዓለም ኮባልት አብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ነው። ብዙ ሰው እዚያ በእጁ እየቆፈረ ነው የሚያወጣው። አንድ ወንድማችን ከመሬት ሥር በላቡ ያወጣውን እኛ መልሰን መሬት ውስጥ እንቅበረው?

እሺ። ሁለተኛው፣ መረጃችን። ይህኛው አጭር ነው።

ከዚህች ላፕቶፕ ግርጌ ሁለት ብሎን ስፈታ... ይኸው፣ ሃርድ ዲስኩ በጎን ተንሸራቶ ወጣ። መዳፍ ላይ ይገባል። የእህቴ አራት ዓመት እዚህ ውስጥ ነው።

አንድ ጊዜ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። የማላውቀው ሰው የሰርግ ፎቶ ወጣ። የመታወቂያ ቅጂ ወጣ። የሕክምና ወረቀት ወጣ። ዘጋሁት፣ አጠፋሁት። ግን ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆንስ? «ዲሊት አድርጌዋለሁ» አይበቃም። ዲሊት ስታደርጉ የሚጠፋው ማውጫው ነው፤ ገጹ እዚያው አለ። ፎርማት ስታደርጉ «ኩዊክ ፎርማት» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱት። ያኔ ረጅም ሰዓት ይፈጃል፤ እየጻፈበት ስለሆነ ነው፤ ታገሱት። አዲሶቹ ኤስኤስዲ የሚባሉት፣ የሚሽከረከር ሳህን የሌላቸው ዲስኮች ግን በዚህ መንገድ በደንብ አይጠፉም፤ ለእነሱ አምራቹ የሚሰጠው ማጥፊያ ፕሮግራም አለ። በመዶሻ እሰብራለሁ የምትሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለችው የምታበራ ሳህን ብዙ ጊዜ መስታወት ናት። ዓይን ውስጥ ትገባለች።

ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ግን ለምን ይሰበራል? አጽድታችሁ ስጡት። ራሙም፣ ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል፣ እንዲሁ። ይቺ ዲዲአር2 የሚሉት ዓይነት ናት፤ አሮጌ ናት፤ ግን እንደዚህች ያለ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ካለ ትነሳለታለች። ከማቅለጥ በፊት መጠቀም ይቀድማል።

ሦስተኛው። የቀረው ዕቃ።

ስክሪኑን በቀስታ። እንዲህ ያሉ የድሮ ስክሪኖች ከሥራቸው ፓስታ የመሰለች ቀጭን መብራት አለች። ውስጧ ጥቂት ሜርኩሪ አለ። ከተሰበረች ትነት ይወጣል፤ መስኮት ከፍታችሁ ራቁ። ስለዚህ ስክሪኑ ሙሉውን፣ ሳይፈታ ይቀመጣል። ቻርጀሩንም አትፍቱት። ከ220 ቮልት ጋር የሚገናኝ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ካፓሲተር የሚሉት፣ ከተነቀለ በኋላም ለጊዜው ከ300 ቮልት በላይ ሊይዝ ይችላል። ሽቦውንም ለመዳቡ ብላችሁ አታቃጥሉ። ያ ጥቁር ጭስ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ካንሰር ያመጣል። ልጣጩን በቢላ መላጥ ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

አሁን ማዘርቦርዱ። ልጆች የምትጠብቁት ይህንን እንደሆነ አውቃለሁ። «ወርቅ አለው ይባላል» አይደል?

አለው። ይቺን የራም ጫፍ በብርሃን እዩዋት፤ ቢጫዋ ወርቅ ናት። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በአሲድ ሲያወጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። አንድ የሰፈሬ ወጣት ይህንኑ አይቶ አሲድ ሊገዛ ገንዘብ ተበደረ። ቤት መጥቶ ሲያማክረኝ ስለ አንድ ሩጫ ነገርኩት።

ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም.። ቶኪዮ ኦሊምፒክ። ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያመጣልን ቀን። ታስታውሳላችሁ? ያ ሜዳሊያ ከምን እንደተሠራ ታውቃላችሁ? ጃፓኖች ከጣሏቸው ሞባይሎች፣ ላፕቶፖችና ካሜራዎች ነው! ለሁለት ዓመት ሰበሰቡ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ሞባይል፣ ወደ 79 ሺህ ቶን የሚጠጋ ሌላ ዕቃ። ከዚያ ሁሉ የወጣው ወርቅ ስንት ነው? 32 ኪሎ። ጃፓን የሚያህል አገር፣ ከነፋብሪካዋ፣ ከነባለሙያዋ 32 ኪሎ። አንተ ታዲያ በጓሮህ፣ በፕላስቲክ ባልዲ፣ ከአምስት ማዘርቦርድ ስንት ልታወጣ ነው? አልኩት። አሲዱን ግን ትተነፍሰዋለህ። ታናሽ እህትህም ትተነፍሰዋለች። የፈሰሰውም ጓሮ ላለው ጎመን ይደርሳል። ገንዘቡን መለሰ። ዛሬ ሞባይል ይጠግናል።

ሜዳሊያው ግን ሌላም ነገር አሳይቶናል። በትክክል ከተለየ ይቻላል ማለት ነው። ቤልጂየም ውስጥ ሆቦከን የምትባል ቦታ ኡሚኮር የሚባል ማቅለጫ አለ። ማዘርቦርዶችን ተቀብሎ ወርቅ፣ ብር፣ ፓላዲየም፣ መዳብ እያለ ይለያል። ጭሱን የሚያጣራ መሣሪያ አለው። ከአገር ወደ አገር ሲላክ ግን እንዲሁ በካርቶን አይላክም። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲሻገር የሚቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የባዝል ስምምነት አለ፤ አገራችንም አባል ናት፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ የኛ ድርሻ ማዘርቦርዱን ሳይቆራረጥ፣ ሳይቃጠል፣ ሰብስቦ ለሚመለከተው ማድረስ ነው። አቃቂ አካባቢ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታ የሚለይ ማዕከል ከተቋቋመ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻን የሚመለከት ደንብ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 425 ነው። መምህራን፣ ይህን ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ማንሳት ትችላላችሁ። አንድ ሰው አንድ ባትሪ ይዞ ከሚሄድ ትምህርት ቤቱ በዓመት አንዴ አንድ ሙሉ ሳጥን ቢያስረክብ ሰሚ ያገኛል።

«ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ብጥለውስ?» ብላችሁ የምታስቡ አላችሁ። አውቃለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተደረመሰ ጊዜ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀብረናል። ያን ዕለት ሁላችንም ያየነው ገንዳው የሚያበቃበት ቦታ ሰው እንዳለ ነው። የሚኖር ሰው፣ የሚለቅም ሰው፣ ልጅ ያዘለ ሰው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ይቺ የመዳብ ቱቦ ሙቀት የምታወጣዋ ናት፤ ንጹሕ መዳብ ስለሆነች ቆራሌው በደስታ ይወስዳታል። ፋኑ ይሠራል። ድምፅ ማውጫዎቹ ይሠራሉ። ሽፋኑ ማግኒዥየም ያለበት ብረት ነው፤ ይቀልጣል። ብሎኖቹን በማስታወሻ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥላችሁ በየቦታቸው በፕላስተር ለጥፉ። ለሌላ ላፕቶፕ ይሆናሉ።

አሁን በር ላይ የምታዩት አረንጓዴ የቆርቆሮ ጣሳ ለባትሪ ብቻ ነው። አሸዋውን ጠዋት ልጆቹ ናቸው አበጥረው ያደረቁት። ጎኑ ያለው ካርቶን ለማዘርቦርድ ነው። ናስትሮ አለ፣ አምስት ካቻቢቴ አለ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም አለ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ አሥራ አንድ ናችሁ፤ ቆጥሬያለሁ።

እዚያ መስኮቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያደረግሽው እናቴ፤ የያዝሽው ቶሺባ ነው መሰለኝ። ሆዱ ገፋ ብሏል፣ ከዚህ ይታየኛል። እባክሽ ጠረጴዛ ላይ አትጫኚው። ቀስ ብለሽ ይዘሽው ነይ፣ ከእሱ እንጀምር።